ከ65 በፊት የሚያልቅ ሒሳብ

አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ጡረታ ሲያወራ ወሬው ቶሎ ቤት ላይ ያርፋል። አዲስ አበባ አያት ሰፈር የተጀመረው ቤት የት ደረሰ፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሞርጌጅ ስንት ዓመት ቀረው፣ ልጆቹ ኮሌጅ ሲጨርሱ ማን ወዴት ይሄዳል። የጤና መድን ጉዳይ የሚነሣው ሰው ታሞ ሲተኛ ነው። ያኔም ጥያቄው «ኢንሹራንስ አለው?» ከሚለው አያልፍም። አርባ ዓመት ላይ ላለ ሰው ይህ ዝንጋታ ብዙ አያስከፍለውም። ነገር ግን በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል የወጡት፣ ከዚያ በኋላ በዲቪ የመጡት፣ ጥገኝነት ጠይቀው የቀሩትም አሁን ስልሳዎቹን እየያዙ፣ አንዳንዶቹም ሰባን እየተሻገሩ ነው። ከነሱ ኋላ ደግሞ ሌሎች አረጋውያን መጥተዋል፤ ልጆቻቸው ዜግነት ካገኙ በኋላ ያስመጧቸው፣ አሜሪካን ሲረግጡ ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ እናቶችና አባቶች።

እነዚህ ሁለት ወገኖች በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፣ ከአንድ መሶብ እየበሉ፣ በሕጉ ዓይን ግን ፈጽሞ የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። ምክንያቱም የአሜሪካ የአረጋውያን ጤና መድን፣ የሜዲኬር፣ ዋና ጥያቄ ዕድሜ አይደለም። ዕድሜ የመግቢያው ሰዓት ብቻ ነው። ዋናው ጥያቄ በስምህ የተመዘገበ ሥራ አለ ወይ፣ ወረቀትህስ ምንድን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 4 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት ሰፊ የታክስና የበጀት ሕግ ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ከቀድሞው በጣም አጥብቆታል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለዚህ ሕግ የሚወራው በአብዛኛው ስለ ታክሱና ስለ ድንበር ጥበቃው ነው። ስለ ሜዲኬር የያዘው አንቀጽ ግን ስንት ቤት እንደሚያንኳኳ ገና የገባን አይመስለኝም።

መጀመሪያ መዝገቡን እንይ። ሜዲኬር የተወለደው በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ነው። ሠራተኛው በሥራ ዘመኑ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል፣ 65 ሲሞላው የሆስፒታሉን ክፍል፣ ፓርት ኤ የሚባለውን፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው 40 የሥራ ክሬዲት ነው። በዓመት ከአራት በላይ ስለማይሰጥ ቢያንስ አሥር ዓመት ይፈልጋል። በ2026 አንድ ክሬዲት የሚገኘው 1,890 ዶላር ገቢ ሲመዘገብ ስለሆነ በዓመት 7,560 ዶላር ያስመዘገበ ሰው አራቱንም ይወስዳል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ማንም ሙሉ ጊዜ የሠራ ሰው ያልፈዋል፣ ከተመዘገበለት።

ጉዳዩ ያለው «ከተመዘገበለት» የሚለው ላይ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ በካሽ ስትሠራ የኖረች፣ ልጅ በመጠበቅ ሳምንታዊ ክፍያዋን በእጇ ስትቀበል ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ የለችም። ታክሲና ኡበር የሚነዳው ሰው ነገር ደግሞ ይለያል። ገቢውን ያሳውቃል፤ ነገር ግን የሒሳብ ሠራተኛው ነዳጁን፣ ጥገናውን፣ የመኪናውን እርጅና፣ ስልኩን ሁሉ ወጪ አድርጎ የተጣራውን ገቢ ወደ ታች ያወርድለታል። በኤፕሪል ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ የሚከፈለው ታክስ ያንሳል። ራሱን ቀጥሮ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው 15.3 በመቶ ስለሆነ ቅናሹ ትንሽ አይደለም። ይሁን እንጂ ክሬዲቱም ሆነ ወደፊት የሚመጣው የጡረታ ገንዘብ የሚሰላው ከዚያው ከተጣራው ቁጥር ነው። ሠላሳ ዓመት ቀንና ሌሊት የነዳ ሰው በ66 ዓመቱ የጡረታ ደብዳቤው ሲደርሰው «ይቺን ብቻ?» ብሎ የሚደነግጠው ማንም ስለሰረቀው አይደለም። በየዓመቱ በፊርማው ያጸደቀው ቁጥር ነው ተደምሮ የመጣለት።

ለባልና ለሚስት ሕጉ ለስለስ ይላል። ከሁለቱ አንዱ 40 ክሬዲት ካለውና 62 ከሞላው፣ ጋብቻውም ቢያንስ አንድ ዓመት ከሆነው፣ ሌላው 65 ሲሞላው በእሱ መዝገብ ፓርት ኤን ያለ ክፍያ ያገኛል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሚስት ባዶ እጇን አትቀርም። የልጅ ሥራ ግን ለእናት አይቆጠርም። ልጁ ሐኪም ቢሆን፣ በዓመት የፈለገውን ያህል ታክስ ቢከፍል፣ ለእናቱ አንዲት ክሬዲት አያወርስም። የእኛ ሰው ሊቀበለው የሚያስቸግረው ነጥብ ይህ ነው፤ እኛ ዘንድ የወላጅ ጡረታ ልጅ ነውና።

አንዲትን እናት እናስብ። በ68 ዓመታቸው ግሪን ካርድ ይዘው ዳላስ ኤርፖርት ወረዱ። ሜዲኬርን በክፍያ ለመግዛት እንኳ ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ሳያቋርጡ አሜሪካ ውስጥ መኖር አለባቸው። የድሆች መድን የሆነው ሜዲኬይድም በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ለአብዛኞቹ አዲስ ግሪን ካርድ ያዦች አምስት ዓመት ዝግ ነው። 73 ሲሞላቸው በሩ ይከፈታል፣ በምን ዋጋ? ክሬዲታቸው ከ30 በታች ለሆነ ሰው የ2026 የፓርት ኤ ዋጋ በወር 565 ዶላር ነው። የሐኪምና የምርመራው ክፍል፣ ፓርት ቢ፣ 202 ከ90 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በዓመት ከ9,200 ዶላር በላይ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ገና ሳይቆጠር። እኒህ እናት የራሳቸው ገቢ ከሌላቸው ግን ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው መንገድ አለ። ግዛቱ በሜዲኬር የቁጠባ ፕሮግራሞቹ በኩል ሁለቱንም ወርሃዊ ክፍያ ሊከፍልላቸው ይችላል። አምስት ዓመቱ ሲሞላ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ብቻ ሄዶ «ዋጋው አይቻልም» ብሎ መመለስ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የግዛቱን የሜዲኬይድ ቢሮም ማንኳኳት ያስፈልጋል።

መካከል ላይ ያሉት አምስት ዓመታት ናቸው የሚያስፈሩት። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ገቢያቸው ከድህነት ወለል በታች የሆነ፣ ወረቀታቸው ምክንያት ሆኖ ሜዲኬይድ የተከለከሉ ሕጋዊ ነዋሪዎች በኦባማኬር ገበያ ድጎማ ያገኙ ነበር። ብዙ እናቶች አምስቱን ዓመት የተሻገሩት በዚህ ድልድይ ነው። አዲሱ ሕግ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይህን ድጎማ ነጠቀ። አሁን ልዩነት የሚያመጣው እናትየው በታክስ ቅጽ ላይ በማን ቤተሰብ ውስጥ እንደተጻፉ ነው። ብቻቸውን ዜሮ ገቢ ይዘው ከተቆጠሩ ድጎማ የለም። ልጃቸው የማስተዳድራቸው ናቸው ብሎ በራሱ ታክስ ላይ ከጻፋቸው የሚታየው የቤተሰቡ ገቢ ስለሆነ፣ ያ ገቢ በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ካለ፣ ድጎማው ሊመለስ ይችላል። ወንድማማቾች በየዓመቱ «እናታችንን ዘንድሮ ማን ይጻፋት?» እያሉ ለታክስ ተመላሽ ሲሉ የሚቀያየሩት ነገር ዛሬ የኢንሹራንስ ውሳኔ ሆኗል። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው በዚህ ጉዳይ በጥያቄ አጨናንቁት።

ለነገሩ አዲስ ለሚመጡት በሩ ራሱ እየጠበበ ነው። በጃንዋሪ 2026 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የስደተኛ ቪዛ መስጠቱን ሲያቆም የሰጠው ምክንያት የመንግሥት ድጎማ ጥገኛ ይሆናሉ የሚል ነበር። የሽማግሌ ወላጅ ጤና ከእንግዲህ ከቪዛው ክርክር ተነጥሎ አይታይም።

ወደ ሜዲኬሩ አንቀጽ ልመለስ፤ ከዚህ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። በአዲሱ ሕግ ሜዲኬር የሚገባው ለአሜሪካ ዜጋ፣ ለግሪን ካርድ ያዥ፣ ለተወሰኑ የኩባና የሄይቲ ስደተኞች እና ከአሜሪካ ጋር ልዩ ስምምነት ላላቸው የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ብቻ ነው። ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ በስደተኛነት የገባ፣ በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ሰው ከዝርዝሩ ወጥቷል። ቀድሞ ተመዝግበው የነበሩትም ቢሆኑ ወረቀታቸው ካልተለወጠ እስከ ጃንዋሪ 4 ቀን 2027 ድረስ መድናቸው ይቋረጣል። ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ 40 ክሬዲት ሞልቶ፣ አሥርና ሃያ ዓመት የሜዲኬር ታክስ ከፍሎ የኖረውንም ይጨምራል። ለዓመታት ከደመወዙ የተቆረጠው ገንዘብ ይቀራል፣ አገልግሎቱ ግን የለም። ይህን ፍትሕ ብሎ የሚጠራ ሰው እንዴት እንደሚያስረዳኝ መስማት እወዳለሁ።

ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይችላል። ሆኖም ሳይጠይቅ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ጥቂት አይደለም። አንዱ ኬዙ እንደገና ይከፈታል ብሎ ይፈራል፣ አንዱ የጠበቃ ክፍያ ይከብደዋል፣ ሌላው የሥራ ፈቃዴ አለ፣ ምን ጎደለኝ ብሎ ይተወዋል። በእርግጥም እስከ 2025 ድረስ የጎደለው ነገር ብዙ አልነበረም። አሁን ያ ወረቀት የካንሰር ሕክምና የሚከፈልበትና የማይከፈልበት ልዩነት ነው። በስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ጥገኝነት ይዞ ግሪን ካርድ ያልወሰደ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ አቋርጦ ቢደውልለት ቅር አይለኝም። ማመልከቻው ብዙ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ።

ወረቀቱ የሞላለት፣ ክሬዲቱ ያለው ሰውም ቢሆን ሊጠነቀቀው የሚገባ ወጥመድ አለ፤ የእኛን ሰው ደጋግሞ የሚይዘው ደግሞ አንዱ ነው። ባለታክሲው፣ ባለሱቁ፣ ባለሬስቶራንቱ ለዓመታት የኖሩት በኦባማኬር ነው። 65 ሲሞላቸው ካርዳቸው ኪሳቸው ውስጥ ስላለ፣ ሐኪማቸውም ስለሚቀበላቸው፣ ምንም የተለወጠ አይመስላቸውም። ነገር ግን ለሜዲኬር ብቁ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ድጎማው አይገባቸውም፤ የተከፈለላቸውም ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላል። በዚያ ላይ የፓርት ቢ መዘግየት ቅጣት ይቆጠራል። ምዝገባው 65 ከሚሞላበት ወር ሦስት ወር ቀድሞ ይጀምርና ከሦስት ወር በኋላ ይዘጋል፤ በድምሩ ሰባት ወር። ከዚያ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ይጨመራል፣ ቅጣቱም ዕድሜ ልክ ነው። ሦስት ዓመት የዘገየ ሰው በዛሬው ዋጋ በየወሩ ወደ 61 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል ማለት ነው፤ ዋጋው ሲጨምር ቅጣቱም አብሮ ይጨምራል።

ከዚህ ቅጣት የሚያድነው ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው አሁን እየሠሩ የሚያገኙት የአሠሪ ኢንሹራንስ ነው በአብዛኛው። ሥራ ከለቀቁ በኋላ ኮብራ በሚባለው መንገድ የሚቀጥለው አይቆጠርም። አሠሪው ከ20 ሠራተኛ በታች ያለው ከሆነም ሜዲኬር ቀዳሚ ከፋይ ስለሚሆን ፓርት ቢን መተው አደገኛ ነው። አሥራ ሁለት ሰው የሚቀጥር የእኛ ሬስቶራንት ውስጥ በ67 ዓመቷ የምትሠራ ሴት ኢንሹራንስ አለኝ ብላ ስትታከም፣ ኩባንያው «ሜዲኬር መክፈል የነበረበትን እኔ አልከፍልም» ሊላት ይችላል።

ሰው ወደ 65 ሲቃረብ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። ፖስታ ሣጥኑ ይሞላል። ማኅበረሰቡ ውስጥም ቋንቋውን የሚናገር፣ ወንድሜ እኅቴ የሚል ወኪል ይመጣል። የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው፤ የግል ኩባንያ የሚያስተዳድረው፣ ጥርስና መነጽር የሚጨምር፣ ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያ የሌለው። አሁን ከሜዲኬር ተጠቃሚው ከግማሽ በላይ የሆነው በዚህ ውስጥ ነው። ጤነኛ ለሆነና በአንድ አካባቢ ለሚኖር ሰው መጥፎ ምርጫ ነው አልልም። ዋናው ሜዲኬር የጥርስ፣ የመነጽርና የጆሮ መሣሪያ ወጪ ስለማይከፍል የአድቫንቴጁ ማባበያ ከንቱ አይደለም። ወኪሉ የሚያሳጥረው ክፍል ሌላ ነው፤ ሐኪሙ በኩባንያው መረብ ውስጥ መሆን አለበት፣ ለብዙ ምርመራ ቅድመ ፈቃድ ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋናው ሜዲኬር የማይሸፍነውን 20 በመቶ የሚይዘው ሜዲጋፕ የሚባለው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ያለ ጤና ጥያቄ የሚገኘው 65 ሞልቶ ፓርት ቢ ከተጀመረ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ኩባንያው የስኳር በሽታህን፣ የልብህን ታሪክ አይቶ እምቢ ማለት ይችላል። በ65 ዓመት ጤነኛ ሆኖ አድቫንቴጅ የገባ ሰው በ74 ዓመቱ ታሞ ሐሳቡን ለመቀየር ሲፈልግ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ከወኪሉ ጋር ከመፈረም በፊት ግዛቱ የሚያቀርበውን፣ ምንም የማይሸጥ ነጻ የሜዲኬር አማካሪ መጠየቅ ይቻላል። እያንዳንዱ ግዛት አለው፤ አስተርጓሚም ይሰጣል።

መድኃኒት ላይ ግን ያለፉት ዓመታት እውነተኛ መሻሻል አምጥተዋል። በባይደን ዘመን በ2022 በወጣው ሕግ የኢንሱሊን ዋጋ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ተደርጓል። ፓርት ዲ በሚባለው የመድኃኒት ክፍል የታቀፈ ሰው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው የመድኃኒት ወጪም በ2026 ከ2,100 ዶላር አያልፍም። የአልማዝ ባለጭራ ክትባትን ጨምሮ ለአዋቂዎች የሚመከሩ ክትባቶችም ነጻ ሆነዋል።

ስለ ኢንሹራንስ ይህን ያህል ካልኩ በኋላ ስለ ጤናው ስናገር ወደ ሌላ ርዕስ የተሻገርኩ እንዳይመስል። ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። በ65 ዓመቱ ሜዲኬር ካርዱን የሚቀበል የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ከ45 እስከ 65 ባሉት ሃያ ዓመታት፣ ኢንሹራንስ ሲኖረውና ሲያጣ፣ ሳይታከም የተጠራቀመ የደም ግፊትና ስኳር ይዞ ነው። ግፊት አያምም። መኪና ውስጥ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ፣ ምሳውን ቆሞ የሚበላ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ኤርፖርት የሚሰለፍ ሰው ራሱን ካላመመው ክሊኒክ የሚሄድበት ምክንያት አይታየውም። ኩላሊቱ ግን ይቆጥራል። በአሜሪካ ኩላሊትን ከሥራ ውጪ በማድረግ ስኳር አንደኛ፣ ደም ግፊት ሁለተኛ ናቸው። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መተኛት ማለት ነው። የሚገርመው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሜዲኬር የኩላሊት እጥበትን የሥራ ክሬዲት ላለው ሰው ዕድሜ ሳይጠይቅ ይከፍላል። በወር ጥቂት ዶላር የሚያወጣውን የግፊት ክኒን ለ50 ዓመቱ ታክሲ ነጂ የሚከፍልለት ግን አልነበረም።

ኢንሹራንስ የሌለው ሰውም ቢሆን ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም። በፌዴራል ድጎማ የሚሠሩ፣ ገቢ አይተው የሚያስከፍሉ ክሊኒኮች በየከተማው አሉ፤ ዲሲ አካባቢ ሜሪስ ሴንተርና ዩኒቲ ኸልዝ ኬርን የሚያውቅ ያውቃቸዋል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሊያገለግሉባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። በየትም ግዛት ቢሆን የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ይህን የምለው ልጆቻችንን ስለምናስተረጉም ነው። የ14 ዓመት ልጅ ለአያቷ «ሐኪሙ ካንሰር ነው አለ» ብላ እንድትተረጉም ማድረግ ለልጅቱም ለአያቷም ግፍ ነው፤ በዚያ ላይ አያት በልጅ ፊት የማይናገሩት ብዙ ነገር አለ።

ለእኛ ሰው በተለይ የሚመለከቱ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሳይጠየቅ የማያስታውሳቸው ነገሮችም አሉ። ሄፓታይተስ ቢ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተስፋፋ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቀው በልጅነቱ ይዞት ይመጣል፣ በአንዳንዱ ላይም በስልሳዎቹ የጉበት ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ምርመራው አንድ የደም ናሙና ነው፤ ከእኛ አካባቢ ለተወለደ ሰው ይመከራል፣ ሜዲኬርም ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ጾም ነው። በዓመቱ ውስጥ ከግማሽ የማያንሱ ቀናት የሚጾሙ እናት ሥጋና ወተት ስለማይነኩ ቫይታሚን ቢ 12 ሊያንሳቸው ይችላል። ለስኳር የሚታዘዘው ሜትፎርሚንም ያንኑ ቫይታሚን ይቀንሳል። ሁለቱ ሲገናኙ የእግር መደንዘዝና መርሳት ሊመጣ ይችላል፤ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ይለዋል። ስለ ጾሙ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፣ የሮመዳን ጾም ለያዘውም እንዲሁ፤ የኢንሱሊኑና የክኒኑ ሰዓት አብሮ መስተካከል አለበት። ሜዲኬር በየዓመቱ አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚሰጠው የጤና ዕቅድ ቀጠሮ ለዚህ ዓይነት ወሬ የተፈጠረ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳይጠቀምበት ዓመቱ ያልፋል።

እድሮቻችን ጠንካሮች ናቸው። ሰው ሲሞት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ገንዘብ ተዋጥቶ አስከሬን አዲስ አበባ ይገባል። ከሞት በፊት ያሉትን አሥር ዓመታት የሚመለከት ማኅበር ግን የለንም፤ ሜዲኬርም ያንን ክፍተት አይሞላም። ሆስፒታል ቢያንስ ሦስት ቀን ተኝቶ ለወጣ ሰው የማገገሚያ ማዕከል ወጪን እስከ 100 ቀን ይረዳል፤ ከ20ኛው ቀን በኋላ ደግሞ በየቀኑ ድርሻ ይጠይቃል። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ሌሊት መነሣት የሚፈልግ አረጋዊን ዓመት ሙሉ ለመጦር ግን አይከፍልም። እሱን የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ ለድሃ። እዚህ ላይ የእኛ ሕይወት አንድ ግርምቢጥ ነገር አለው። በዋሽንግተን አካባቢ የሰው እናት በየቤቱ እየሄዱ ከሚያጥቡትና ከሚያበሉት ሆም ኸልዝ ኤይዶች ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች የእኛ ናቸው። የራሳቸው እናት ደግሞ በዚያው ሰዓት ቤት ውስጥ ብቻቸውን የአገር ቤት ቴሌቪዥን ያያሉ። አንዳንድ ግዛቶች በሜዲኬይድ በኩል የቤተሰብ አባል ወላጁን ሲያስታምም እንዲከፈለው ይፈቅዳሉ። ያንን ሥራ ሌላ ቤት በደመወዝ የምትሠራ ልጅ ስለ ራሷ እናት ጠይቃ አታውቅም ይሆናል።

ሜዲኬይዱን ሲያመለክቱ ደግሞ ያለፉት አምስት ዓመታት ይመረመራሉ። ቤት ለልጅ ማዛወር፣ ትልቅ ገንዘብ ለዘመድ መስጠት ለወራት ሊያስቀጣ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ቤትም መገለጽ ያለበት ሀብት ነው። ከ55 ዓመት በኋላ ሜዲኬይድ ለረጅም እንክብካቤ የከፈለውን ግዛቱ ከሟቹ ውርስ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ወላጁን ሜዲኬይድ ውስጥ ለማስገባት የሚያስብ ቤተሰብ በስልሳዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ የአረጋውያን ሕግ ጠበቃ ዘንድ ቢሄድ የሚከፍለው ገንዘብ ኪሣራ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ አገር ቤት መግባት ነው። ጡረታ ሲወጣ የአዲስ አበባው ቤት ገብቶ ለመኖር፣ ወይም ክረምቱን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጋውን አዲስ አበባ ለማሳለፍ የማያልም ጥቂት ነው። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም። አድቫንቴጅ የያዘ ሰው ከአገልግሎት አካባቢው ከስድስት ወር በላይ ከራቀ በአብዛኛው ይሰረዛል። አንዳንዶቹ የሜዲጋፕ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ጂ የሚባለው፣ ጉዞው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ለሚደርስ ድንገተኛ ሕክምና 80 በመቶ ይከፍላሉ፣ ግን በዕድሜ ልክ ከ50,000 ዶላር አያልፉም። ከዚያ ውጪ ያለው ከኪስ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ደግሞ አገር ቤት ከስድስት ወር በላይ ከቆየ የዜግነት ቆጠራው ላይ ጥያቄ ይነሣበታል፣ አምስት ዓመቱን ገና እየቆጠሩ ላሉ እናትም ረጅም ቆይታ አይመከርም።

አገር ቤት የሚገባው ሰው ከመሄዱ በፊት የሚወስነው ትልቅ ነገር ፓርት ቢን መያዝ ወይም መተው ነው። መያዝ በዛሬው ዋጋ በዓመት ወደ 2,435 ዶላር ያስወጣል፣ ለማይጠቀምበት መድን። «ምን አደርገዋለሁ» ብሎ የተወው ሰው በሰኔ ልቡ ላይ ችግር ተገኝቶ ቢመለስ ግን እንደገና መመዝገብ የሚችለው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ እስከዚያ የሐኪሙን ክፍል የሚከፍልለት የለም። አሥር ዓመት ቆይቶ ከተመለሰ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው እጥፍ ይሆናል። እኔ ገንዘቡን እከፍላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ሐኪም ስለሌለ አይደለም፤ አለ። ነገር ግን የልጅ ልጆች ሜሪላንድ ነው ያሉት፣ ከባድ በሽታ ሲመጣም ሰው የሚተኛው ልጆቹ ባሉበት ነው።